«አንሳ» ቢሉት «ስንት ጣት?»

ሰፈሩ ሞላ ይለዋል። እናቱ ያወጡለት ስም አይደለም፤ ሥራው ነው ያወጣለት። የመኪናን ሸክም ከጎማው በላይ ሆኖ የሚቀበለው፣ እንደ እባብ የተጠቀለለው ብረት ሞላ ይባላል፤ እሱም ዕድሜውን በሞላ ሞላ ሲቀይር ኖሯል። ቁመቱን ያዩ ሰዎች ሥራውን የመረጠው በቁጭት ነው ይላሉ። አጠገቡ ከሚቆም የጭነት መኪና ጎማ ብዙም አይበልጥም፤ የጎደለውን ግን ምላሱ ሞልታለታለች።

ወደ ጋራዡ የሚመጡት ድንጋይና ጭቃ የሚደፍሩ ባለ መኪናዎች ናቸው። ቢያንስ እንደሚደፍሩ ይናገራሉ። የሁሉም ጥያቄ ከፍታ ነው። «ከጎረቤቴ መኪና በላይ ትሁንልኝ እንጂ ሌላው ግድ የለኝም» ያለም አለ። ሞላም ወፍራም ሞላና ንዝረት የሚያበርድ ረዘም ያለ አሞርዛተር ይገጥምና መኪናቸውን በጣቱ እየለካ ያነሳላቸዋል። የማይነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለከባድ ጭነት የተሠራ ሞላ ጭነት ሲያገኝ እንደ በግ ይገራል፣ ባዶውን ሲሄድ እንደ በቅሎ ይራገጣል።

«ለምን አትነግራቸውም?» ትለዋለች ባለቤቱ።

«ሙሽራ ሲዳር ማንኮራፋቱ ይነገራል እንዴ?»

«እውነት ነው፤ ለእኔም የነገረኝ የለም።»

ጋራዡ የቆመው በአማቱ፣ በእማማ ግቢ ውስጥ ነው። በእማማ ሳሎንና በመዶሻው ድምፅ መካከል ያለው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ሲሆን፣ የደንበኞቹ መኪናዎችም በራቸውን ዘግተው ይውላሉ። እማማ ብዙ ታገሡ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና በደንበኞቹ መካከል ቆመው፣ «ይህን ጋራዥ ከግቢዬ አንሳ» አሉት።

ሞላ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና አለ። «ስንት ጣት ላንሳው፣ እማማ?»

ደንበኞቹ በሳቅ ፈረሱ። እማማ አልሳቁም፤ ነገሩ የከፋው ያን ጊዜ ነው።

«ሳቅ! ሰው ሁሉ ወገቡን ይዞ ከዚህ ግቢ ሲወጣ በመስኮት አያለሁ። ሥራህ ሥራ ከሆነ ነገ በመኪናህ እህቴ ዘንድ አድርሰህ መልሰኝ። ወገቤን ካላመመኝ ጋራዥህ ይቀመጣል። ካመመኝ ዕቃህን ትጠቀልላለህ።»

የእማማ ቃል እንደ ብየዳ ነው፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም። የሞላ መኪና ደግሞ ከሁሉም የከፋች ነበረች። የጋራዡ ማስታወቂያ እሷ ስለሆነች ከሁሉም ከፍ ያለችውም፣ በከባዱ ሞላ ላይ የተቀመጠችውም እሷ ናት። በአንድ ከሰዓት ሊያወርዳት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ዝቅ ብላ ከበር ስትወጣ ሰፈሩ ምን ይላል? ክብሩ እምቢ አለው፤ ተንኮሉ ግን ወዲያው እሺ አለው። የእማማ እህት አጥራቸውን ሊያሠሩ ማሰባቸውን አስታወሰ።

በማግስቱ እማማ ሲወጡ የመኪናዋ ኋላ በሲሚንቶ ከረጢት ተሞልቶ ጠበቃቸው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ለእትዬ አጥር ነዋ! ባዶ እጅ ይኬዳል?»

እማማ አማቻቸውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት፤ መንገዱ አጭር ስለሆነ ቶሎ ጨረሱ። «አንተ? ስጦታ?» ብለው ባመጣላቸው ሳጥን ላይ ወጡ፤ ከሳጥኑ ወደ ወንበሩ ሲንጠላጠሉም፣ «ሰማይ ቤት ልትወስደኝ ነው መሰል» አሉ።

መንገዱ ጉድጓድ ለጉድጓድ ነበር። መኪናዋ ግን ሸክሟን አቅፋ፣ እንደ ሕፃን አልጋ እየተወዛወዘች ሄደች። እማማ ገና ከድልድዩ ሳይደርሱ አፋቸውን ከፍተው አንቀላፉ። ሞላ በመስታወቱ እያያቸው በሆዱ ዘፈነ።

ያላሰበው መመለስ እንዳለ ነው። የእህትየው ልጆች ገና መኪናዋ ሳትቆም ከረጢቶቹን ማውረድ ጀመሩ።

«ቀስ በሉ እንጂ! ነገ ይወርዳል!»

«ነገማ አንተ የለህም» አሉት እየሳቁ። ምሳ ተበልቶ ሲያልቅ የመኪናዋ ኋላ ንጹሕ ባዶ ነበር። ሞላ ወፈር ያሉትን እህትየውን፣ «እትዬ፣ አብረውን ሄደው እኛ ጋ ሰንበት ቢሉስ?» ብሎ ለመነ፤ አጥሬን ጥዬ አልሄድም አሉት። በመጨረሻ ከጓሮ አንድ ትልቅ ድንጋይ አቅፎ ሲመጣ ከእማማ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«ለ… ለግቢው ጌጥ።»

«የእኛ ግቢ ድንጋይ አጥቶ ነው? አስቀምጠው።»

አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ባይነገር ይሻላል። በመጀመሪያው ጉድጓድ የእማማ ሻሽ ከጣሪያው ጋር ተሳሳመ፤ በሁለተኛው ጫማቸው ብቻውን ወደ ፊት ወንበር መጣ። ሞላ ስድብ ጠበቀ። እማማ ግን ጉድጓዶቹን በጣታቸው መቁጠር ያዙ። ስንት ጋራዥ ባለበት ከተማ ዕቃውን ወዴት እንደሚያደርስ እያሰላሰለ በሩ ላይ አቆመ፤ ሳጥኑንም አመጣ።

እማማ ወገባቸውን ይዘው ወረዱና ኋላዋን በከዘራቸው ኳ ኳ አደረጓት። «ስንሄድ ያስተኛኝ ሲሚንቶው ነው አይደል?»

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ሆነ። ሞላ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ታዲያ ሸክም ለሌላት መኪና ቀለል ያለ ሞላ ማድረግ እያወቅህ፣ ሰውን ሁሉ ለምን ታንጫጫለህ?»

«ከፍታ ይላሉ፣ እማማ…»

«እነሱ የሚሉትን ተወው። ስንሄድ ወገቤ ደኅና ነበር፤ ስንመለስ ተቆረጠ። ፍርዱም እኩሌታ ነው። ጋራዡ ይቀመጥ፤ ከፍታውን አንሳ።»

ሞላ «አንሳ» ማለት «አስወግድ» መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ገባው። ልማድ ሆኖበት ግን፣ «ስንት ጣት?» ሲል አመለጠው።

እማማ ሳጥኑን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። «ያለዚህ እስክቀመጥ ድረስ።»

ዛሬም ከግቢው በሚወጣ መኪና ሁሉ መጀመሪያ እማማ ኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሰፈሩን አንዴ ይዞራሉ። ካንቀላፉ መኪናው ተፈቅዶለት ይሄዳል። ካላንቀላፉ ሞላ መኪናውን ዝቅ ሊያደርግ ያለ ምንም ክርክር ክሪኩን ያነሳል።