መግቢያው አንድ ከረጢት ደም

ጋሽ ክላክስ ጡረታ ሲወጡ ከአውቶቡስ ድርጅቱ ይዘውት የወጡት ነገር ቢኖር ቅጽል ስማቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስምንት ቁጥር አውቶቡስን ሲነዱ ክላክሱን እንደ ሌላው ሾፌር ዝም ብለው አይጫኑትም ነበር። ፌርማታ ሲደርሱ ሁለት አጭር አንድ ረጅም፣ ኩርባ ላይ ደግሞ ሦስት አጭር እያደረጉ ዜማ ያወጡለታል። ሰዉም እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ረስቶ በዚያው ጠራቸው፤ እሳቸውም ቅር አላላቸውም።

ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሰውየው አኮርዲዮን ተጫዋች ነበሩ። በሥራ ዘመናቸው ከድርጅቱ ሠራተኞች ጋር አንዲት ትንሽ ባንድ ነበረቻቸው። እሳቸው አኮርዲዮን ይጫወታሉ፤ ካቻቢቴ ከእጃቸው ስለማይለይ ጋሽ ካቻቢቴ የተባሉት የጋራዡ መካኒክ ድራም ይመታሉ፤ ሁሉም ሰው “ትኬቷ” የሚላት የስምንት ቁጥር ትኬት ቆራጭ ትዘፍናለች። ለምረቃውም ለሠርጉም ይጠራሉ። ባንዷ የፈረሰችውም በሠርግ ቀን ነው፤ ያውም በራሷ በትኬቷ ሠርግ። ጋሽ ክላክስ መንገድ ተዘግቶባቸው አርባ ደቂቃ ዘገዩ። ጋሽ ካቻቢቴ እንግዳው ሲቁነጠነጥ ቢያዩ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች አስቀምጠው ጀመሩ። ጋሽ ክላክስ አኮርዲዮናቸውን አንግተው በሩ ላይ ሲደርሱ ሙዚቃው ደምቋል። ከዚያው ዞረው ሄዱ። በማግሥቱ አንዱ ሌላውን ሳይጠይቀው ቀረ፤ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ጋሽ ካቻቢቴም ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ወደሚኖርበት ሌላ ከተማ ሄዱ። እነሆ ዘጠኝ ዓመት።

ጋሽ ክላክስ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ከሴት ልጃቸው ጋር ነው። ልጃቸው ደም ባንክ ውስጥ ነርስ ናት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሥራ መጥታ ጫማዋን አወለቀችና ሶፋው ላይ ዘፍ አለች።

“አባዬ፣ ዛሬ አንድ ግንበኛ መጣልህ። ትከሻው በዚህ በር አያልፍም። መርፌዋን ገና ሲያያት ላብ በላብ ሆነ። ‘እህቴ፣ እባክሽ የሆነ ነገር አውሪኝ፣ አለዚያ ጥዬሽ መሄዴ ነው’ አይለኝም!”

“ታዲያ ምን አደረግሽው?”

“ዘፈንኩለት።”

ጋሽ ክላክስ ሳቃቸው አመለጣቸው። ልጃቸው ብዙ ነገር የታደለች ናት፤ ድምፅ ግን አልተሰጣትም።

“ሳይሰጥ ሮጠ በይኛ!”

“ኧረ ሰጠ። ቶሎ እንዲያልቅለት ብሎ ነው መሰለኝ።” ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው። “አንተ ብትመጣልን እኮ ሌላ ነበር።”

ጋሽ ክላክስ ፊታቸው ተለወጠ። ከሁለት ዓመት በፊት ደም ሊሰጡ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሄደው፣ “አባቴ፣ ዕድሜዎ አልፏል” ተብለው ተመልሰዋል። ሳምንት ሙሉ አኩርፈው ነበር። “እኔ ምን እሠራላችኋለሁ? ደሜን እንደሆነ አትፈልጉትም” አሏት።

“ደምህን ማን ጠየቀህ? ጣትህን ነው የፈለግኩት።”

ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ልጅቱም አልነዘነዘቻቸውም፤ አባቷን ታውቃቸዋለች። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ አኮርዲዮኑ ከቁም ሳጥኑ ላይ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሁለት ቁልፎቹ ተጣብቀዋል፤ ሆዱ ደግሞ ተቀዶ እንደ አስም በሽተኛ ያፏጫል። ጋሽ ክላክስ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ቀዳዳውን በብስክሌት ጎማ ልጣፊ እየለጠፉ ነበር። እሷም እንዳላየ ሰው አልፋ ሻይ ጣደች።

የደም ባንኩ ክፍል ሰፊ አይደለም። ሰማያዊ ቆዳ የለበሱ አራት ተንጋላይ ወንበሮች፣ ከየወንበሩ ሥር የደሙን ከረጢት እሹሩሩ የምትል ትንሽ ማሽን፣ ጥግ ላይ ብስኩትና ጭማቂ የተደረደረበት ጠረጴዛ አለ። ጋሽ ክላክስ ጠረጴዛው አጠገብ ፕላስቲክ ወንበር ተሰጣቸው። መጀመሪያ ጣታቸው ተሳሰረ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ግን ክንዷ ላይ መርፌ የተሰካላት አንዲት አስተማሪ እግሯን ማወዛወዝ ጀመረች፤ አጠገቧ የተኛ አንድ የጥበቃ ሠራተኛም በጉሮሮው አጀባት።

“እግር ይቻላል!” ብላ ጮኸች ልጃቸው። “እጅ ግን እንዳይንቀሳቀስ!”

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጋሽ ክላክስ ያን ቀን ቤታቸው የገቡት እንደ ወጣት እያፏጩ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዱ ልማድ ሆነ። ልጃቸውም ስልኳን መደርደሪያ ላይ አስደግፋ በደም ባንኩ ገጽ በቀጥታ ታስተላልፈው ጀመር። መጀመሪያ ሰባት ሰው አየው፤ ከሰባቱ አንዷ ራሷ ናት። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ሰው “ይሄ የስምንት ቁጥሩ ሾፌር አይደለም እንዴ?” ብሎ ጻፈ። ከዚያማ የድሮ ተሳፋሪ ከየጉድጓዱ ወጣ። “ሚስቴን የተዋወቅኳት ከሾፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ነው” አለ አንዱ። “የኋላው በር ቀሚሴን ይዞት ሄዷል፣ እስካሁን ይቅርታ አልተጠየቅኩም” አለች ሌላዋ። በየአገሩ የተበተኑ ሰዎች እዚያው እርስ በርስ ይጠያየቁ ጀመር፦ አንቺ የዳቦ ቤቷ ልጅ ነሽ? እናትሽ ደኅና ናቸው? ልጃቸው በየመሀሉ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፤ እሳቸው እየተጫወቱ በአንገታቸው ሰላምታ ይመልሳሉ።

አንድ ቀን እንዲህ ስታነብ፣ “‘ሁለተኛው ዙር ላይ ትሮጣለህ። ድሮም ፍሬን አታውቅም’ ይላል” አለች።

አኮርዲዮኑ መሀል ላይ ቀጥ አለ።

“ማነው እንደዚያ ያለው?”

“ስም የለውም። ፎቶው ላይ ያለው ፒንሳ ነው።”

ጋሽ ክላክስ ጆሯቸው ድረስ ጋሉ። ለዘጠኝ ዓመት በሆዳቸው ሲያመላልሱት የነበረው ንግግር ሁሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጣ። ከዚያ ግን ሌላ ነገር ወጣቸው። “ጻፊለት። ‘ፍሬን የሚጠግነው ሰውዬ ጥሎን ስለሄደ ነው’ በይው።”

መልሱ ሲመጣ ሦስት የሚስቁ ፊቶች ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፒንሳው “ዛሬ ይሻላል” አለ። ጋሽ ክላክስ መስኮት መስኮቱን እያዩ፣ “እንዲያው ስልክ ቁጥሩን ጠይቂው እስቲ፤ ለምን እንደሆነ ባላውቅም” አሏት።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደም ባንኩ ይጨነቃል። ከሚሰጠው ሰው እኩሌታው ተማሪ ነው። በዚያ ዓመት የደሙ ፍሪጅ ከወትሮው ይበልጥ ተራቆተ፤ ልጅቱ እህል አልወርድ አላት። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ “ለምን ትልቅ ኮንሰርት አናዘጋጅም?” አለች። “መግቢያው ደም ይሁን። መስጠት የማይችል፣ የሚችል ሰው ይዞ ይምጣ። በሌላ ከተማ ያለው ደግሞ እዚያው በየደም ባንኩ ሆኖ በስልክ ይከታተለን።”

“እኔ ብቻዬን ኮንሰርት?” አሉ ጋሽ ክላክስ። እንጀራቸውን እየቆረሱም፣ “ድራም ያስፈልጋል” አሉ።

ልጅቱ ፒንሳው በሰጣት ቁጥር ደወለች፤ ጋሽ ካቻቢቴም ባሉበት ሆነው በስልክ ሊያጅቡ ተስማሙ። ልምምዱ የተጀመረ ዕለት፣ ድራማቸውን በወንድ ልጃቸው ቤት መኪና ማቆሚያ ዘርግተው ስልኩን ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ላይ አቆሙት። እዚህ አኮርዲዮን፣ እዚያ ድራም፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!

“ዘገየህ!” አሉ ጋሽ ክላክስ።

“ማን? አንተ ነህ እንጂ የቸኮልከው!”

እንደገና ጀመሩ። አሁንም ድራሙ ወደኋላ ቀረ። በአራተኛው ሙከራ ሁለቱም ጮኹ። ልጅቱ መሀል ገባች።

“አባዬ፣ ጋሼ፣ ስሙኝማ! ማናችሁም አላጠፋችሁም። ድምፁ መንገድ ላይ ትንሽ ይቆያል። ኔትወርኩ ነው።”

ጋሽ ካቻቢቴ በስክሪኑ ውስጥ ራሳቸውን አከኩ። “እና ማንም ሳያጠፋ ነው እንደዚህ የምንጯጯኸው?”

ጋሽ ክላክስ የአኮርዲዮኑን ማንገቻ ከትከሻቸው አወረዱ።

“ጠዋት አንድ ሰዓት የሚነሣ አውቶቡስ አለ” አሉ ጋሽ ካቻቢቴ። “ሾፌሩ ፍሬን የሚያውቅ ከሆነ እመጣለሁ።”

ጋሽ ክላክስ መናኸሪያ የደረሱት አውቶቡሱ ከመግባቱ አንድ ሰዓት ቀድመው ነው። አሁንስ አርፍደሃል የሚላቸው የለም። ጋሽ ካቻቢቴ ድራማቸውን በአንሶላ ጠቅልለው ቀስ ብለው ወረዱ። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ሸብቷል።

“ከስተሃል” አሉ ጋሽ ክላክስ።

“የኔን አንተ ወስደኸው ነዋ!” አሉና ጋሽ ካቻቢቴ ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉላቸው።

ድራሙን ግራና ቀኝ ይዘው መራመድ ጀመሩ። ከመናኸሪያው በር ሳይወጡ ጋሽ ክላክስ፣ “ያኔ መንገድ ተዘግቶብኝ ነበር” አሉ።

“አውቃለሁ። የዚያኑ ዕለት ነግረውኛል።”

“ታዲያ ለምን አልደወልክም?”

“አንተስ?”

ድራሙን ለአፍታ መሬት አስቀምጠው እጅ ተቀያየሩ፤ እንደገና አንሥተው ሄዱ።

ትኬቷ አሁን የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ሁለቱን አብረው በሯ ላይ ስታያቸው እጇን አፏ ላይ ጫነች። የጠባቸውን ምክንያት የሰማችው ገና ያን ዕለት ነው፤ ሰምታም በእጇ የያዘችውን ወረቀት ጥላ ሳቀች።

“በኔ ሠርግ? በሙዚቃው? እኔ እኮ ያን ቀን ጫማዬ ጠቦኝ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ማን ምን እንደተጫወተ መች ሰማሁ! ባልና ሚስቱ ሳንጣላ እናንተ ዘጠኝ ዓመት?”

ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደተቀጣ ተማሪ ቆመው ወለሉን ያያሉ። “ድምፅሽ አለ?” አሉ በመጨረሻ ጋሽ ካቻቢቴ።

“ተሳፋሪ አምጡልኝና ታዩታላችሁ።”

ኮንሰርቱ የተካሄደው በአውቶቡስ ድርጅቱ አሮጌ ጋራዥ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወለሉ ታጥቦ፣ አሥራ ሁለት አልጋ ተደርድሮ፣ መኪና ይጠገንበት የነበረው ጉድጓድ በሳንቃ ተሸፍኖ መድረክ ሆኖ ነበር። ትኬቷ ከመዝፈኗ በፊት በሩን ለማንም አልሰጥም አለች። ግፊቱና ደሙ ተለክቶ “ይችላል” ለተባለው ሰው ሁሉ ከፎቶ ኮፒ ቤቷ ያዘጋጀችውን ቁራጭ ወረቀት በእጇ ቀድዳ እየሰጠች፣ “ጠጋ ጠጋ በሉ! ውስጥ ባዶ ነው!” ትላለች። ደም ያነሳት አንዲት ልብስ ሰፊ ሦስት ወንድሞቿን እየነዳች መጣች። ለዓመታት በአንድ ደረጃ እየወጡ እየወረዱ ሰላም ተባብለው የማያውቁ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ተኝተው ስለ ውሃ ቧንቧቸው ያወራሉ። በስልኩ ደግሞ በአራት ሌሎች ከተሞች ደም ባንኮች የተጋደሙ ሰዎች ይከታተላሉ፤ በፋሻ የታሰረ ክንዳቸውን ፎቶ እያነሱ ይልካሉ፣ ዘፈን ያዛሉ።

ችግሩ ሌላ ነበር። ባንዷ የምታውቀው አሥራ አንድ ዘፈን ብቻ ነው። ሰልፉ ግን በሩን አልፎ እስከ መንገዱ ኩርባ ደርሷል። አምስት ሰዓት ሙሉ ተጫወቱ። አሥራ አንዱ ሲያልቅ እንደገና ከአንዱ፣ ሲያልቅ እንደገና ከአንዱ። ደግነቱ አልጋው ላይ ያለው ሰው በየሩብ ሰዓቱ ስለሚለዋወጥ ለሁሉም አዲስ ነው። “ሦስተኛውን ስንቴ መታነው?” ብለው ጠየቁ ጋሽ ካቻቢቴ ላባቸውን እየጠረጉ። “አምስቴ” አሉ ጋሽ ክላክስ፣ “አሁን ገና መልመድህ ነው።” ጣቶቻቸው አብጠዋል፣ ትከሻቸው ተቆርጧል፤ ፊታቸው ግን በርቷል።

አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ከረጢት ተሞላ። በአራቱ ከተሞች የተሞላው ተደምሮ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

በሳምንቱ ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ጋሽ ክላክስ በረንዳው ላይ ድንች ይልጣሉ። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አጠገባቸው ተቀመጠች።

“ዛሬ አንዲት እናት ወልዳ ብዙ ደም ፈሰሳት። ሐኪሙ ደወለልን። ፍሪጁን ከፈትኩት፣ አውጥቼ ላክሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም አልሮጠም፣ ማንም ኮሪደር ላይ አላለቀሰም።”

“እናትየዋስ?”

“ደኅና ናት። ሾርባው ጨው የለውም ብላ ተቆጥታለች አሉ።”

ጋሽ ክላክስ ድንቹን በእጃቸው አገላበጡት። “የማን ደም ነው የደረሳት?”

“እሱ አይታወቅም፣ አባዬ። የሰው ነው።”

“የሰው” አሉ እሳቸውም፣ ቃሉን እያጣጣሙ። አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ።

ለሦስት ቀን ብለው የመጡት ጋሽ ካቻቢቴ እስካሁን አልተመለሱም። ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራይተዋል፤ ልጃቸው በየወሩ እየመጣ ይጠይቃቸዋል። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ልምምድ አለ። ትኬቷ ሱቋን ለባሏ ትታ ትመጣለች፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ፍጥነት ይጨቃጨቃሉ፤ እሷ እንደ አውቶቡስ ላይ ዘመኗ ጠረጴዛውን በመዳፏ ቸብ አድርጋ “እንሂድ!” ስትል ዘፈኑ ይነሣል።