ጀርባው ሳይገጠም

ልብስ ሰፊዋ አልተውም ያለችው አንዲት ትንሽ ክኒን ነበረች። ትዳሯ ሊፈርስ ጫፍ በደረሰበት ቀን እንኳ ከእጇ አልጣለቻትም።

ሰፈርተኛው «መርፌ» ይላታል፤ ክሳቷና ምላሷ ተባብረው ያወጡላት ስም ነው። ከመኖሪያ ቤቷ ጋር በተያያዘች ጠባብ ክፍል የተማሪዎች የደንብ ልብስ እየሰፋች ትኖራለች። ዘወትር ጠዋት የስፌት መኪናዋን ሽፋን ትገልጣለች፤ ክር ታስገባለች፤ ከዚያም ቁልፍ ከምታጠራቅምበት ቆርቆሮ ክኒኗን አውጥታ በአንድ ጉንጭ ውሃ ትውጣለች። እግሯ ፔዳሉን የሚረግጠው ከዚህ በኋላ ነው።

የልማዷ መነሻ መራር ነው። የበኩር ልጇ የተወለደችው የጀርባዋ አጥንት ሳይገጠም፣ ወገቧ ላይ እንደተከፈተ ነበር። እናት በእርግዝናዋ ወራት ከኋላ በቁልፍ የሚያያዝ ነጭ የሕፃን ቀሚስ ሰፍታ ነበርና፣ ቁልፎቹ ቁስሉን እንዳይነኩባት የቀሚሱን ጀርባ ሙሉ በሙሉ በመቀስ ቆርጣ አወጣችው። ሕፃኗ ወር ሳይሞላት አረፈች።

ከሐዘኑ በኋላ የሆስፒታሉ ነርስ ባልና ሚስቱን አስቀምጣ ሳታለባብስ ነገረቻቸው።

«እህቴ፣ የሕፃኑ ጀርባ የሚገጠመው ገና ማርገዝሽን እንኳ ሳታውቂ ነው። ስለዚህ ይኼን ፎሊክ አሲድ የሚባል ክኒን ከማርገዝሽ በፊት ነው የምትጀምሪው። አንዴ ስለደረሰብሽ ሐኪሙ ያዘዘልሽ መጠን ለሌሎች ሴቶች ከሚታዘዘው ከፍ ያለ ነው። እውነቱን ግን ልንገርሽ፤ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም።»

ገበር የሚገባው ልብሱ ከመዘጋቱ በፊት መሆኑን ለምታውቅ ሴት ነገሩ ወዲያው ገባት። ባልዋም ሰምቷል። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ገደል የማያስፈራው ይህ ሰው ግን የሰው አፍ ያስፈራዋል። እናቱ ከሌላ ከተማ ቀብሩ ካለፈ በኋላ ሲደርሱ፣ በዘሩ ነውር እንዳይወራ ሰግቶ «የሳንባ ምች ነው የወሰዳት» አላቸው። ሚስቱም አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። አሮጊቷ ልጃቸውን ለማጽናናት እንደመጡ እዚያው ቀሩ።

ዓመት አለፈ፤ ሆዷ አልገፋም። አንድ ማለዳ፣ ስፌት ሳይጀመር፣ አማትየው ለሹራባቸው ቁልፍ ፍለጋ ቆርቆሮውን ቢከፍቱ ክኒኖቹን አገኙ። ያላመማት፣ ያላረገዘች ባለትዳር ሴት ተደብቃ የምትውጠው ክኒን ለእርሳቸው አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ቆርቆሮውን በአንድ እጃቸው፣ ልጃቸውን በሌላው ይዘው ወደ ስፌቱ ክፍል ገቡ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው፣ እማዬ።»

«አሞሻል?»

«አላመመኝም።»

«ይኸውልህ!» ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እኔ የልጅ ልጅ አምጣ እያልኩ ስለፈልፍ ሚስትህ ማህፀኗን ትቆልፋለች። አንተ ደግሞ መንገድ ለመንገድ ጥሩምባህን ንፋ!»

ሱሪ ሊያሳጥር የቆመ ደንበኛ ሳቁን በሳል ሸፈነ፤ ቆይቶም ሱሪውን በብብቱ ይዞ ሹልክ አለ።

«ኧረ እማዬ፣ ቀስ በይ...»

«እማዬ አትበለኝ! ዛሬ ወይ ክኒኑ ይጣላል፣ ወይ እሷ ትወጣለች።»

ሾፌሩ ወደ ሚስቱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በቃ ጣይው። እማዬ ፊት ብቻ፤ ነገ ሌላ አመጣልሻለሁ።»

«ለምን እንደምውጠው ንገራቸው።»

«አሁን እሱ ይነሳል?»

«ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» አሉ እናትየው። «ልጄን አፍ አሳጣሽው አይደል?»

ባል ዓይኑን ወለሉ ላይ በተበታተነው ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተከለ። ሰፊዋ ከተናገረች እርሱን በእናቱ ፊት ታዋርደዋለች፤ ዝም ካለች ደግሞ ክኒኗን ትጥላለች፤ ምናልባትም ሁለተኛ ልጅ ትቀብራለች። ጥቂት ጠበቀችው። እርሱ ግን ቁርጥራጩን በጫማው ጫፍ መግፋት ጀመረ። ያን ጊዜ ተነሥታ ቆርቆሮውን ከአማቷ እጅ ቀስ ብላ ወሰደች፤ የዕለቱን ክኒን ዓይናቸው እያየ ዋጠች፤ እንዲህም አለች፦

«እማዬ፣ የልጅ ልጅዎን የሳንባ ምች አልገደላትም። ጀርባዋ ሳይገጠም ነው የተወለደችው፤ ልጅዎ አፍሮ ደበቀዎት፣ እኔም አብሬው ደበቅኩ። ካላመኑኝ ቀሚሷ መሳቢያው ውስጥ አለ፤ ጀርባ የለውም። ይኼ ክኒን ማህፀን አይቆልፍም። የሚመጣው ልጅ ጀርባው እንዲገጠም ነው የምውጠው፤ ቢሆንም ላይገጠም ይችላል፣ ልጅም ላይመጣ ይችላል፣ እሱን አውቃለሁ። ውጪ ካሉኝ የስፌት መኪናዬንና ይቺን ቆርቆሮ ይዤ እሄዳለሁ፤ የትም ብገባ ግን ጠዋት ጠዋት መዋጤን አልተውም።»