የወንድሜ ወተት

ወተት ገንፍሎ ምድጃ ላይ ሲያር የሚሸተው ሽታ ዛሬም ካለሁበት አንሥቶ ካምፓላ፣ ኪሰንዪ ሰፈር ወደነበረው ጠባብ ግቢያችን ይመልሰኛል። ጊዜው የኮሮና ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ አባዬም ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ካለው መጋዘን ሳይወጣ እዚያው እያደረ ይሠራ ስለነበር፣ እማዬ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ናቲ ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር ግቢ ውስጥ ታጉረን እንውል ነበር። እኔ ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ የሰው ጓዳ መሰለል ሥራዬ ሆነ።

በዚያ የዝናብ ወራት ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል በኮሮናው ሳቢያ ሰው እንዳይጭን ተከልክሎ ነበርና፣ አንድ ከከብት አርቢዎቹ አገር ከምባራራ የመጣ ሰው በቦዳው ወተት ብቻ ጭኖ እየመጣ በስስ ፌስታል እየቀዳ ይሸጥልን ነበር። እማዬ አፍልታ ለናቲ በትልቁ ኩባያ ትሰጠው ነበር፤ በቁመት ከጎረቤት ልጆች ማነሱ ያንገበግባት ነበር። እሱ ግን ወተት በጠጣ ቁጥር ሆዱ ተነፍቶ፣ እያለቀሰ ሽንት ቤት ሲመላለስ ይውል ነበር።

ምክንያቱን ፍለጋ በር ለበር ዞርኩ። መንታ ስለወለደች ናሎንጎ የምንላት ኡጋንዳዊት ጎረቤታችን ሳቀችብኝ፤ «ወተት እኮ ሻይ ላይ ጠብ ይደረጋል እንጂ እንደ ውኃ አይጠጣም!» ሶማሊያዊቷ እትዬ ሀሊማ ደግሞ ላምን ከነወተቷ ንቃ ግመልን አወደሰች። ወተት ሻጩ ቦሎቄ በልቶ ወተት መጠጣት ላሟን ራሷን እንደሚጎዳ በቁም ነገር አስጠነቀቀኝ። እማዬማ «ዓይን ነው» ብላ ደምድማለች፤ ችግሩ ካምፓላ ውስጥ ጤና አዳም ከየት ይምጣ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነበር፤ እኛ ረቡዕና ዓርብ ወተት አንነካም፣ ሰውዬው ከቦሎቄ በኋላ አይነካም፣ ናሎንጎም ያለ ሻይ አትነካም። ለካ ሁሉም ቤት ለወተት የየራሱ ሕግ አለው!

ደረቁ ወቅት አልፎ ዝናቡ ሲመለስ ዐቢይ ጾም ገባ። ናቲ ሰባት ዓመት ስለሞላው ለመጀመሪያ ጊዜ ጾመ፤ ሆዱም ጸጥ አለ። እማዬ «ጾሙ ፈወሰልኝ» እያለች ስታመሰግን ከረመች። የፋሲካ ዕለት በደስታ ኩባያውን እስከ አፉ ሞልታ ሰጠችው፤ ከሰዓት በኋላ ናቲ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ይንከባለል ነበር።

«እማዬ፣ የፈወሰው ጾሙ ሳይሆን ወተቱን መተዉ ነው» አልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ወተት ልጅ ይጎዳል?» ብላ ጮኸችብኝና ወዲያው ዕንባዋ መጣ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም የማላይ ይባላል፤ እማዬ አገር ቤት ልጅ ሳለች የነበራቸው ላም ግን ደጃቸው ታስራ ነበር ወተቷን የማያዩት። ወተቱ ተንጦ ቅቤው ገበያ ሲሄድ ለልጆቹ የሚደርሳቸው አሬራው ብቻ ነበር። «ልጄ ወተት ጠግቦ ይደግ ብዬ ነው አገር ጥዬ የመጣሁት» አለች። አንጀቴን በላችው።

ዕንባዋን ጠርጋ ግን «አሬራው እኮ አሞን አያውቅም» አለች ለራሷ። በማግስቱ ወተቱን ሳታፈላ አስቀምጣ አረጋችው፣ ከቀናት በኋላ ናጠችው፣ አሬራውን ፈራ ተባ እያለች ለናቲ ሰጠችው። ጠጥቶ ወደ ጨዋታው ሮጠ። እማዬ እስከ ማታ ሆዱን ስትዳብስ ዋለች፤ ምንም አልነበረም።

ዛሬ ናቲ አሬራውን ሲጋት ያደገ፣ በቁመት እማዬን ያለፈ ጎረምሳ ነው። እኔ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ፤ የአንዳንድ ሰው ሆድ የወተትን ስኳር እንደማይፈጭ፣ ወተቱ ሲረጋ ግን ስኳሩ እንደሚቀንስ በወጉ አስተምረውኛል። ያኔ ግን ብዙ ስጠይቅ አንድ ጥያቄ አምልጦኛል፤ ያለው ሁሉ ለናቲ ስለሚቀዳ እማዬ ራሷ ወተት ስትጠጣ አይቼ አላውቅም ነበር። አሁን ጾም ካልሆነ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ወተት ታፈላለች፣ ብዙ ጊዜም ታስገነፍለዋለች፣ ከዚያ በናቲ ትልቅ ኩባያ ቀድታ፣ ደጅ ቁጭ ብላ፣ ማንም ሳያጣድፋት ትጠጣለች።