ከቆርቆሮው ወዲያ የመጣ መልስ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ በሶ እያሸሁ፣ የተቆላው ገብስ ሽታ አፍንጫዬን ሞልቶት ሳለ፣ የልጅ ልጄ ከወዲያኛው ክፍል የቤት ሥራዋን ጮክ ብላ ታነባለች፤ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ግማሽ ትልና ዝም ትላለች፣ ከዚያ «እማማ፣ ጭራውን በይልኝ እንጂ!» ብላ ትጠራኛለች። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ይህንኑ ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ግን በሶውና ጭራው ባንድ ጊዜ ሲመጡብኝ ሐሳቤ ወደ ልጅነቴ ነጎደ።

ደባርቅ ስምንተኛ ክፍል ሳለን ከሸዋ የተመደበ አንድ መምህር ነበረን፤ ብርዱ ስለማይስማማው ክፍል ውስጥ ሁለት ኮት ደርቦ ይገባል። እንግሊዞች አንድ ነገር ከተናገሩ በኋላ ሰሚውን ለማስማማት ከኋላው አጭር ጥያቄ ይቀጥላሉ አለን፤ እኛ «አይደል?» ብለን በአንድ ቃል የምንገላገለውን እነሱ ለእሱ ሌላ፣ ለእሷ ሌላ፣ ለትናንት ሌላ፣ ለነገ ሌላ አበጅተውለታል፣ ዋናው አዎንታ ከሆነ ጥያቄው አሉታ፣ ዋናው አሉታ ከሆነ ጥያቄው አዎንታ ይሆናል። በጉም በቅሎውም የየራሱ ጭራ እንዳለው አስቡት ሲለን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እስከ መጨረሻው ስሙ ጭራ ሆኖ ቀረ።

ታላቅ ወንድሜ ዘውዱ ከእኔው ክፍል ነበር። ዜማ ሲማር ቆይቶ ወደ አስኳላ የመጣው ጢሙ ካቀመቀመ በኋላ ነውና በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር፤ የስምንተኛን ክፍል ፈተና፣ ሚኒስትሪን፣ አንድ ጊዜ ወድቆ እየደገመ ነው። ያን ዘመን የተማሪ መታወቂያ የሌለው ጎረምሳ ለዘመቻ ይታፈስ ስለነበር፣ ዘውዱ ዘንድሮም ከወደቀ መታወቂያው እንደማይታደስ፣ ካልታደሰ ደግሞ ጦር ሜዳ እንደሚሄድ ቤታችን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሒሳቡን ይሠራዋል፣ አማርኛውን ያንበለብለዋል፤ የሚጥለው እንግሊዝኛው ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ልናመጣ ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ፣ ወደ ቤታችን፣ ስንወጣ መላ ዘየደ። «እንደ ማኅሌቱ ግራና ቀኝ ቆመን እንቀባበለዋ» አለኝና እኔን ከዳገቱ በኩል፣ ራሱን ከገደሉ በኩል አድርጎ፣ እኔ ግማሹን እልለታለሁ፣ እሱ ጭራውን ይመልሳል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየናል፤ ጨው የጫኑ ነጋዴዎች አብደናል ብለው አማትበው ያልፋሉ። ዜማው ግሩም ነበር፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ለእኔም፣ ለአንቺም፣ ለዝናቡም፣ ለበጉም «ኢዝንት ኢት!» ይላል። ስቆጣው «ምናለበት፣ ሁሉንም የሚችል ጭራ ነው» ይለኛል፤ እኔ እስቃለሁ፣ እማዬ ደግሞ በር ላይ ሆና ከሩቅ ድምፃችንን ስትሰማ መጡልኝ ብላ እሳቱን ታያይዛለች። ፈተናው በቀረበ ቁጥር ግን ጭራውን በትክክል እንዲይዝ እለምነው ጀመር፣ አለቀስኩበትም።

እኔ አለፍኩ፤ ዘውዱ ወደቀ። ክረምቱ ሳይወጣ ከገበያ መሐል ታፈሰ፤ እኛ የሰማነው የጫነው መኪና ወደ ዳባት ከሄደ በኋላ ነበር። እማዬ በሶ በስልቻ ቋጥራ፣ እጄን ይዛ፣ ከደባርቅ ዳባት ድረስ ያን ጭቃ በእግራችን ወረድነው። ልጆቹ በአንድ የእህል መጋዘን ታጉረዋል፣ ደጁ በእናቶች ለቅሶ ተሞልቷል፣ ጠባቂው መሣሪያውን አጋድሞ ማንንም አያስጠጋም።

«ኧረ ልጄ፣ በሶዋን ብቻ ላቀብለው» አለችው እማዬ።

«እናት፣ ይመለሱ። ልጅዎ እዚህ መኖሩን በምን አወቁ?»

እውነቱን ነው፣ አላወቅንም። ስሙን ብንጠራ እናቶቹ ሁሉ ስም ይጣራሉ፣ ከውስጥ ያለውም ሁሉ ይጮኻል፤ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ምንም አይለይም። ይኼኔ እማዬ ወደ ጓሮው ጎተተችኝና «በይ እንደ መንገዱ ጥሪው» አለችኝ። አፌን ከቆርቆሮው ግድግዳ ላይ አድርጌ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣ በእንግሊዝኛው፣ አንተ ወንድሜ ነህ የሚለውን በዚያው በመንገዳችን ዜማ ጮኽኩት፦ «ዩ አር ማይ ብራዘር!»

ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ ከወዲያኛው ጥግ፣ በዚያው ዜማ፣ «ኢዝንት ኢት!»

«ምን አለ? ምን አለ?» እማዬ ክንዴን ጨመደደችኝ።

«እዚህ ነኝ አለ» አልኳት።

በሶውን ጠባቂው ተቀበለን፤ ለእሱ ይስጠው ለራሱ ይብላው አላውቅም። በማግስቱ መኪኖቹ ወደ ጎንደር ነጎዱ፤ ከዚያ ወዲህ ከዘውዱ የመጣ ደብዳቤም መርዶም የለም።

መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ወታደር በባዶ እግሩ፣ ቁስሉን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በየመንገዱ ዳቦ እየለመነ ሲያልፍ እኔ ያኔ አስተማሪ ሆኜ ነበር። እማዬ በየቀኑ መንገድ ዳር ወስዳ ታቆመኛለች፤ አንድ ቡድን በቀረበ ቁጥር «በይ ጥሪው» ትለኛለች። ተማሪዎቼ እያዩኝ፣ ለእነዚያ ለደከሙ ሰዎች፣ ዩ አር ማይ ብራዘር እያልኩ እጮኻለሁ። አንዳንዱ ቀና ብሎ ያየኛል፣ አንዱ እንዲያውም አለቀሰ፤ የሚመልስ ግን አልነበረም። ድምፄ ሲዘጋ እማዬ ራሷ ጀመረች፤ ግማሹን ስለማታውቀው የምታውቀውን መልሱን ብቻ፣ «ኢዝንት ኢት! ኢዝንት ኢት!» ትላለች፤ እዚህ ነኝ ማለት መስሏት። እሱ ባይመልስ እንኳ እኛ የት እንዳለን ይስማ ብላ ነው። ነገሩን ሳላርማት ሞተች።

«እማማ! ጭራውስ?» አለች ልጅቷ ትናንት፣ እርሳሷን እያኘከች በሩ ላይ ቆማ። እጄ በበሶ እንደተለወሰ «ኢዝንት ኢት» አልኳት። «ተሳሳትሽ! እሱ እዚህ አይገባም!» ብላ በሳቅ ፈነዳች፤ ትክክል ናት፣ አይገባም። አብሬያት ልስቅ ሞከርኩ፣ አቃተኝ፤ ያን የተሳሳተ መልስ ከዘውዱ አፍ አንዴ ደግሜ ብሰማው ያስተማርኩትን ዕድሜ ሁሉ እሰጥ ነበር።