በእናቴ ለቅሶ ላይ የተደበቀችው ካርታ

ዛሬ ጎፋ፣ በእናቴ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ካርታ ስንጫወት የእህቴን ልጅ ስታጭበረብር ያዝኳት።

እናቴ ናት ያሳደገቻት። ልጅቷ ከቀብሩ ወዲህ አላለቀሰችም፣ ቃልም አልተነፈሰችም። ጨነቀኝና «ነይ ተጫወቺ» ብዬ የጠራኋት እኔው ነኝ።

«ነጠላሽ ውስጥ የደበቅሻትን ካርታ አውጪ» አልኳት።

«ጋሼ፣ እማዬ ስትደብቅ ግን ዝም ትላት ነበር» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እናቴ ለቅሶ ቤት ሄዳ ሐዘንተኛውን ሳታስቅ፣ ተጫዋቹንም ሳታጭበረብር ተመልሳ አታውቅም። እኔ ዝም የምላት ቁንጥጫዋን ፈርቼ ነበር።

ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። ልጅቷም ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ፣ እቅፌ ውስጥ ሆና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ያን ጊዜ እኔም ተነፈስኩ።

የእናንተስ እናት ምን ተንኮል አስተምራችሁ ሄደች? እስኪ ጻፉልኝ፤ ለልጅቷ አነብላታለሁ።