ደሜ ከእኔ ቀድሞ እንዳያወራ

ከሽሮ ሜዳ በወጣሁበት ማታ፣ ሻንጣዬን በጋቢ ሸፍና ታክሲው ድረስ የወሰደችው እናቴ ናት። ለጎረቤት «ናዝሬት አክስቷ ጋ ሄደች» ተባለ፤ ጀርመን ደርሼ ባሌ ቤት እስክገባ ማንም እንዳያውቅ። የእኛ ቤት ነገር እንዲህ ነው፤ ጉዞም ሆነ እርግዝና ዳር ሳይደርስ አይወራም። እኔም ስሜን አልጽፍላችሁም፤ ሽሮ ሜዳ ያላችሁ ማን ናት እያላችሁ አትድከሙ።

እዚህ ሁሉ ነገር በተርሚን ነው፤ ቀጠሮ ሳትይዝ ሐኪምም ጓደኛም ዘንድ አትሄድም። ዝናቡ እንኳ እንደ እንጦጦው ዝናብ አጉረምርሞ አያስጠነቅቅም፤ ዝም ብሎ ቀኑን ሙሉ ያካፋል። አከራያችን የቆሻሻ መጣያችንን ከፍታ «የሽንኩርት ልጣጭ ከወረቀት ጋር ቀላቅላችኋል» ብላ ትከስሰናለች። ቆሻሻዬን የምትፈትሽ ሴት ሌላ ምን እንደምትፈትሽ እንጃ።

አምና የመጀመሪያው ፅንስ ወረደብኝ። ዘንድሮ እንደገና ሳረግዝ ሐኪሟ ገና ከጅምሩ ደም ትቀዳ ጀመር፤ አንድ ብልቃጥ ሲሞላ ሌላ ትሰካለች። ደም መስጠት አልወድም፣ ምክንያትም አለኝ። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ዓረብ አገር ልትሄድ ስትል ኤጀንሲዋ በላካት ክሊኒክ ደም ሰጠች። እርጉዝ መሆኗን ከእሷ በፊት ኤጀንሲው አወቀ፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ። እሷ የሰማችው ከሁሉም ኋላ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ባሌ ዳዊት አብሮኝ ገብቶ ይተረጉምልኝ ነበር። ሐኪሟ ብዙ ትናገራለች፣ እሱ አጭር ይተረጉማል፤ መሀል የቀረውን ማን እንደበላው አላውቅም።

«ደምሽ ቶሎ የመርጋት ምልክት አሳይቷል ትላለች። ፅንሱ ጋ በደንብ ላይደርስ ይችላል።»

«ይወርዳል ማለት ነው?»

«አይደለም። ሊወርድ ይችላል ማለት ነው።»

«ላይወርድም ይችላል?»

«ይችላል።»

«ይሄንንማ ደሜን ሳትወስዱም አውቀው ነበር።»

ዳዊት ይህችን አልተረጎማትም።

እስክወልድ በየቀኑ ሆዴ ላይ መርፌ መወጋት አለብኝ ተባለ። ይጠቅም እንደሆን እርግጠኛ ናችሁ ወይ ስላት፣ አይደለንም አለች። የደሜ ጠባይ በዘር ስለሚመጣ እናቴ ፅንስ ወርዶባት ያውቅ እንደሆን እንድጠይቅ ነገረችኝ። እውነት ለመናገር ፈራሁ። መርፌው ራሱ ልጄን ቢጎዳውስ? እናቴን ሳልጠይቅ ሆዴን አላስወጋም ብዬ ወጣሁ።

ደወልኩላት። ከጀርባዋ የአባቴ ሳል ይሰማኛል።

«እማዬ፣ ፅንስ ወርዶብሽ ያውቃል?»

«ማነው የጠየቀሽ?»

«ሐኪም።»

«የእኔን ሆድ እዚያ ያለ ፈረንጅ ምን አገባው? አርግዘሻል እንዴ?»

«አይ፣ ለወደፊቱ ነው። በየቀኑ መርፌ ተወጊ ይሉኛል።»

«ለወደፊቱ ዛሬ የሚወጋ መርፌ አለ?» አለች። «ምንም አልወረደብኝም። በቃ።»

እናቴ «በቃ» ስትል አውቃታለሁ፤ ያልበቃ ነገር አለ ማለት ነው። ግን ምን አደርጋለሁ፣ ስልክ ነው፣ ፊቷን አላይ።

በማግስቱ እሷው ደወለች። አባቴ እንዳይሰማ ከቤት ወጥታ ሚኒባስ መሳፈሪያው ጋ ቆማለች። አንድ ነገር አለች፤ ረዳቱ «ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ» እያለ ሲጮህ ድምጿን ዋጠው።

«ምን አልሽ? አልሰማሁሽም።»

«ሦስት ወርደውብኛል» አለች ጮክ ብላ። «ካንቺ በፊት። አባትሽ አንዱንም አያውቅም።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ ነግረሽኛል?»

ረዳቱ እንደገና ጮኸ፤ እስኪጨርስ ጠበቀች።

«ተወጊ» አለች። «ነገ ሳትይ።»

በዚያው ቀን መርፌውን ጀመርኩ። ፅንሱ ይጽና አይጽና ገና አላውቅም፤ አሁንም ሐኪሟን ሙሉ በሙሉ አላምናትም። የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከገዛ ባሏ የደበቀችውን፣ እኔ አልሰማሁሽም ስላልኳት፣ ሰፈሯ መሀል ቆማ ጮኻ ተናገረች። ቀና ብሎ ያያት ሰው አይጠፋም። አጠገቧ ብሆን እጇን ይዤ ወደ ቤት አስገባት ነበር።