የቀኙ ጉልበት

ሴትየዋን ደንበኞች «እትዬ ግራሶ» ይሏታል። በባሏ ጋራዥ ውስጥ ኩሽኔታ በመዳፏ ግራሶ ስትሞላ ነው የኖረችው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። መጀመሪያ ላይ ትቆጣ ነበር፤ በኋላ ተወችው። ሰው የፈለገውን ይጥራ፣ ግራሶው እንደሆነ ከእጇ በሳሙናም በአመድም አይለቅ።

የባሏ ዓይን ከደከመ ወዲህ ሥራውን ለሁለት ተካፍለውታል። እሱ ይፈታል፣ ያስራል፣ ይስባል፤ እሷ ሚዛን ታነባለች።

ሰሞኑን የሠሩት የልጃቸውን መኪና ነበር። ከልጅቷ በዕድሜ የሚበልጥ፣ በአራቱም እግሩ የሚጎትት አሮጌ መኪና ነው፤ እንጀራዋም እሱ ነው። የፊት አክሱሉን ሙሉ በሙሉ አውርደው አዲስ ኩሽኔታ አስገቡለት። መሪ ሲዞር ጎማው የሚታጠፍበትን ቦታ ባሏ «ጉልበት» ይለዋል። አንድ ኩሽኔታ ከላይ፣ አንድ ከታች ሆነው ጉልበቱን ጨምቀው ይይዙታል። ከላይኛው ክዳን ሥር ስስ ቆርቆሮ ሲጨመር ኩሽኔታው ይላላል፤ ሲቀነስ ይጠብቃል። ልኩ የሚታወቀው በመንጠቆ ሚዛን ነው፤ ባልየው ከጉልበቱ የወጣውን የብረት ክንድ በሚዛኑ ይስባል፣ ብረቱ ሲንቀሳቀስ ቁጥሩን እሷ ትናገራለች። ሦስት ተኩል ኪሎ ካለች፣ ልክ ነው።

ልጅቷ በጠዋት ከቁልቁለቱ ታች ለሚገኝ ትምህርት ቤት ወንበሮች ጭና ሄደች። እናት የቡሎን ትሪውን በነጭ ጋዝ እያጠበች ነው። ባልየው በሩ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ፉት አለና ሳቀ።

«ቀኙ ግን ጉድ ነው፤ ስንት ዘመን ስሠራ ያን ያህል ቆርቆሮ የበላ ጉልበት አላየሁም። ግራው ምንም ሳይለን፣ እሱ ምን ነክቶት ነው?»

እጇ ትሪው ውስጥ እንዳለ ክው ብላ ቀረች።

ቀኙን የገጠሙበት ቀን ነፋስ ትዝ አላት። ባሏ ቡሎን ሊያመጣ ሲወጣ አቧራው ጋራዡን ሞልቶት ነበር። አዲሱ ኩሽኔታ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። አቧራ እንዳይገባበት ብላ «ዘይት መያዣ» የሚሉትን፣ ከጉልበቱ ኋላ ያለውን የጎማ ቀለበት ጎትታ፣ ቡሎኑን አጥብቃ ዘጋችው። ያ የጎማ ቀለበት የሚታሰረው ግን መጨረሻ ላይ ነው፣ ሚዛን ከተነበበ በኋላ። አዲስ ሲሆን ጉልበቱን እንደ መዥገር ነው የሚይዘው። ባሏ ተመልሶ ሲስብ ቁጥሩ ስድስት አለ። «ጠብቋል፣ ቆርቆሮ ጨምሪ» አላት፤ ጨመረች። ደግመው ሳቡ፤ አሁንም ጨመረች። ሦስት ተኩል ሲል ሁለቱም ደስ አላቸው። ሲስቡት የነበረው ለካ ኩሽኔታውን ሳይሆን የጎማ ቀለበቱን ነው። ኩሽኔታው ልል ሆኖ ነው የተከደነው።

በሰፈሩ አስፋልት ሲሞክሩት ምንም አላለም። ቀስ ብሎ ለሚሄድማ ምን ይላል? ቁልቁለቱ ላይ ግን፣ ጭነት ይዞ፣ ጉድጓድ ሲመታ ጎማው ይንቀጠቀጣል፣ መሪው . . .

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ለልጅቷ ስልክ ደወለች። አታነሳም። ደግማ ደወለች፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋ ሴት መጣች።

«አንተ . . .»

«ምን ሆነሻል?»

«የቀኙን ዘይት መያዣ አስሬው ነበር።»

«መቼ?»

«ሳትስበው በፊት። አቧራ ፈርቼ።»

ይጮህብኛል ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች። አልጮኸም። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠና ክሪኩን ሊያነሳ ተነሳ።

አጥሩን ተሻግሮ ያለው ብየዳ ሠራተኛ ፒካፕ አለው። እየሮጡ ሲመጡ አይቶ ከት ብሎ ሳቀ።

«እትዬ ግራሶ፣ ዛሬ ደግሞ ሽማግሌ ልሁን? ማን ማንን መታ?»

ስለ ልጅቷ ሲነግሩት ሳቁ ከአፉ ላይ ጠፋ። የብየዳ መነጽሩን አውልቆ ወርውሮ ወደ መሪው ገባ።

መሐል ላይ ተቀመጠች። ቁልቁለቱ ሲጀምር በየመታጠፊያው የድንጋይ ከለላውን ታያለች። የተሰበረ ባየች ቁጥር ወደ ገደሉ አንገቷን ታሰግጋለች። «እሱ የድሮ ነው» ይላል በያጁ። ትንሽ ይሄዱና ሌላ። «እሱም የድሮ ነው፣ እትዬ።» ባሏ የመሣሪያ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አቅፏል።

አንዱን መታጠፊያ ሲያልፉ መንገዱ ላይ ወንበር ተገልብጦ አዩ። ትንሽ፣ ሰማያዊ የተማሪ ወንበር። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ብዙ፤ አንዳንዱ ከገደሉ አፍ ላይ።

«ወይኔ ልጄን!» አለች። ድምፁ የሷ አልመሰላትም።

ፒካፑ ሳይቆም በባሏ ላይ ተሻግራ ወረደች። በጉልበቷ ወደቀች፤ ተነስታ ሮጠች። መኪናው ከመታጠፊያው በታች፣ በገደሉ ሳይሆን በተራራው በኩል፣ አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ቀብሮ ቆሟል። አጠገቡ፣ በአንዱ ወንበር ላይ፣ ልጅቷ ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ መሪው እንደ ወንፊት ነው የነፋኝ» አለች። «ጉድጓድ መታሁና ከእጄ ወጣ። ወደ ተራራው ወረወርኩት። ስልኬም የት እንደገባ እንጃ። ምንድን ነው የሠራችሁልኝ?»

«እኔ ነኝ» አለች እናት። ነገረቻት።

«እኔም አላየሁትም፤ በእጄ ብዳብስ ኖሮ አውቀው ነበር» አለ አባት።

ልጅቷ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

«እንግዲህ ፍቱታ!» አለች።

በያጁ መኪናውን ከቦይ ጎትቶ አወጣና ወንበሮቹን ሊሰበስብ ሄደ። በክሪክ አነሱት፣ ጎማውን አወረዱ፣ የመሪውን ዘንግ ፈቱ፣ ዘይት መያዣውን አላቅቀው ወደ ኋላ ሰበሰቡት። ባልየው የጉልበቱን ክንድ በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው። እንደ ተከፈተ በር ተወዛወዘ። ሁሉም አዩት።

የጨመሩትን ቆርቆሮ አወጡ። ክዳኑን አሰሩ። ባልየው መንጠቆውን አስገብቶ ሳበ።

«ስንት ይላል?»

«ቆይ» አለች። ጣቷን ከጉልበቱ ኋላ ሰዳ ዙሪያውን ዳበሰች። የጎማ ቀለበቱ ልቅ ነው። «ሳብ።»

ሳበ። ዓይኗ እንባ ሞልቶት ቁጥሩ ተንቀጠቀጠባት።

«አንቺ፣ ስንት ነው?»

«ሦስት . . . ሦስት ተኩል። ድገመው።»

«ሦስት ተኩል» አለች ልጅቷም ከጀርባዋ ጎንበስ ብላ።

ሦስት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ በኋላ ነው ዘይት መያዣውን ያሰረችው፣ በራሷ እጅ።

ዘንጉና ጎማው ቦታቸው ገቡ፤ ወንበሮቹ ተጫኑ። አራቱ ተሰብረዋል። ልጅቷ በሩን ይዛ ቆመች።

«አሁንስ ልሂድበት?»

ባልየው የቀኙን ጎማ በእግሩ ገፋ አድርጎ ወደ ሚስቱ ዞረ። እናት ጨርቁን ጥላ በወዲያኛው በኩል ዞረችና ፊት ወንበር ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልቀመጥ።»

«ፈርተሽ የለ እንዴ?»

«ታዲያ ፈርቼ ቤት ልቀመጥ? ንጂ።»

መኪናው ቁልቁለቱን ተያያዘው። በስተግራ ገደሉ፣ ከታች ሸለቆው ይታይ ነበር። እሷ ግን መንገዱንም ገደሉንም አላየች፤ እስከ ታች ድረስ ዓይኗን ያልነቀለችው ልጅቷ ከጨበጠችው መሪ ላይ ነበር።